የወገብ መድኃኒቱና ያልጠጡት ሰዎች

አንድ ስመ ጥር ባለመድኃኒት ነበር፤ እንግዳሸት ይባላል። በሚኖርበት አገር ትልቅ የድንጋይ ድልድይ ይሠራ ስለነበር፣ ድንጋይ ተሸካሚዎቹ ወገባቸውን እየታመሙ ወደ እርሱ ይመጣሉ። እርሱም ከአንድ ሥር ጨምቆ ያዘጋጀውን መራራ መድኃኒት ያጠጣቸዋል። ብዙዎቹ ሰንበት ብለው ቀና ይሉና ማር ይዘው መጥተው ያመሰግኑታል። ዝናው ከአገሩ ገዥ ጆሮ ደረሰ። ገዥውም ሠራተኛው ሁሉ መድኃኒቱን ጠዋት ጠዋት እንዲጠጣ ሊያውጅ፣ እንግዳሸትንም የግቢው ሐኪም አድርጎ ሊሾመው አሰበ።

አዋጁ ሊነገር ጥቂት ሲቀረው የሺመቤት የምትባል ድንጋይ ተሸካሚ ሆዷን ይዛ መጣች። መድኃኒቱን ስትጠጣ ብትሰነብትም ወገቧ እንዳልተሻላት፣ ይባስ ብሎ ጨጓራዋን እያቃጠላት እህል መቅመስ እንዳቃታት ነገረችው። እንግዳሸት ደነገጠ። መድኃኒቱን እንድታቆም አዘዛትና እስካሁን ለምን እንዳልመጣች ጠየቃት።

«ሰው ሁሉ ዳንኩ ሲል እኔ አልዳንኩም ማለት አፈርኩ» አለችው። «እንደ እኔ ያሉ ሌሎችም አሉ። እነሱም አፍረው ነው ዝም ያሉት።»

አብሯት የሚሸከመው ባሏ ደግሞ፣ መራራ ነገር ስለማይወድ ጠብታ እንኳ ሳይቀምስ፣ ወገቡ በራሱ ጊዜ እንደተሻለው ጨምራ አጫወተችው።

ነገሩ እንግዳሸትን ከነከነው። መጀመሪያ አፈረ፤ ወዲያው ግን ኀፍረቱን የሚያስረሳ የማወቅ ጉጉት ያዘው። ጠጥተው ያልተሻላቸው ሰዎች የት ሄዱ? ሳይጠጡ የተሻላቸውስ ምን ያህል ናቸው? እስከዚያ ቀን እነዚህን ሰዎች ፈልጎ ጠይቆ አያውቅም፤ እነሱም ሊነግሩት አልመጡም።

ወደ ገዥው ሄዶ አዋጁ እንዲቆይለት ለመነ።

«የዳኑትን ሰዎች በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚህ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» አለው ገዥው።

«ጌታዬ፣ እርስዎ ችሎት ሲቀመጡ የከሳሽን ምስክር ብቻ ሰምተው አይፈርዱም። እኔ ግን እስከ ዛሬ የሰማሁት የአንዱን ወገን ምስክር ብቻ ነው።»

ገዥው ቅር እያለው ፈቀደለት።

እንግዳሸት ወገባቸውን የሚያማቸውን ሠራተኞች ሰበሰበ። ግማሾቹ ሥሩ ያለበትን፣ ግማሾቹ ደግሞ ምሬቱ ያው ሆኖ ሥሩ የሌለበትን እንደሚጠጡ፣ ይህንንም ዕጣ እንደሚወስነው ሳይደብቅ ነገራቸው። የወደደ ይግባ፣ ያልወደደ ይቅር አለ። ነገሩ ስላሳቃቸው አብዛኞቹ ገቡ። የምታድለው ሚስቱ ነበረች። መድኃኒቱን ከልቡ ይወደው ስለነበር ዓይኑ እንዳያዳላ ፈርቶ፣ ማን የቱን እንደጠጣ ለእርሱም እንዳትነግረው አስማላት።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሚስቱ ምስጢሩን ገለጠችለት። ከሁለቱም ወገን አብዛኞቹ ተሽሏቸዋል። ሥሩን የጠጡት ሕመሙ ትንሽ ቀለል ብሏቸው፣ ትንሽም ቀደም ብለው ቀና ብለዋል። ልዩነቱ ግን እርሱ ይምልበት ከነበረው እጅግ ያነሰ ነበር። ሆዳቸውን ያቃጠላቸው ደግሞ አብዛኞቹ ሥሩን ከጠጡት ወገን ነበሩ። ለእንግዳሸት ዕድሜውን የሰጠለት ነገር እንዲህ ሲያንስበት ማየት ቀላል አልነበረም።

ገዥው ጠርቶት፣ «ባጭሩ ንገረኝ፤ ያድናል ወይስ አያድንም?» አለው።

«ለአንዳንዱ ሕመሙን ጥቂት ያቀልለታል፤ አንዳንዱን ሆዱን ይጎዳዋል። አብዛኛውን ሰው የሚያሽለው ግን ጊዜ ነው። ስለዚህ ሁሉም ይጠጣ ተብሎ አይታወጅ። ለእያንዳንዱ ይነገረውና ራሱ ይምረጥ።»

ገዥው የፈለገው በነጋሪት የሚታወጅ መልስ ነበር። አዋጁን ተወው፤ ሹመቱን ግን ማንኛውንም የወገብ ሕመም ከሥሩ እነቅላለሁ ብሎ ለማለ ለሌላ ባለመድኃኒት ሰጠው።

ከዚያ ወዲህ እንግዳሸት ወገቡን የታመመ ሰው ሲመጣበት፣ ከመድኃኒቱ በፊት ስለ መድኃኒቱ የሚያውቀውን ሁሉ ይነግረዋል። አንዳንዱ ሕመሙ እንቅልፍ ነስቶት ለጥቂት ቀን ልሞክረው ይላል። ሆዱ የማይችለው ይቅርብኝ ይላል። እርግጠኛ ያልሆነ ሐኪም ምን ያደርግልኛል ብሎ የሚሄድም አልጠፋም፤ እንዲያውም ብዙ ነው። አንድ ቀን ታዲያ የሺመቤት ወገቧን የታመመች እህቷን ደግፋ መጣች። እንግዳሸት ተገርሞ፣ መድኃኒቱ እርሷን እንደጎዳት እያወቀች እህቷን ለምን ወደ እርሱ እንዳመጣቻት ጠየቃት።

«ሌላው ጋ ብወስዳት ማጠጣቱ አይቀርም» አለችው። «እርስዎ ግን የማይበጃት ከሆነ አይበጅሽም ይሏታል።»

መድኃኒት በዳኑት ሰዎች ምስክርነት ብቻ አይመዘንም፤ ጠጥተው ያልዳኑት፣ ጠጥተው የተጎዱት፣ ሳይጠጡ የዳኑትም ቃላቸው ይሰማ። ሁሉንም ሰምቶ «ጥቂት ይረዳል» የሚል ሰው፣ ምንም ሳይጠይቅ «ያድናል» ብሎ ከሚምለው ይልቅ ይታመናል። እርስዎስ፣ «እኔን አድኖኛል» ብሎ የሚመክርዎ ሰው ሲያጋጥምዎ ስለቀሩት ሰዎች ጠይቀው ያውቃሉ?