ይማምና የጳጉሜን ትኬት

ደሴ ላይ ኮምፒውተር የሚነካኩ ልጆች፣ ከመካከላቸው አንዱ ያለ ጉዳዩ እጁን ሲሰድ ካዩ አንዲት አባባል ጣል ያደርጉበታል። ሰሚው ይስቃል እንጂ ከየት እንደመጣች አይጠይቅም። የመጣችው ከመናኸሪያ ነው፤ ሰበቧም ይማም የሚባል ችኩል ልጅ ነው።

ይማም ከባልደረባው ከዘሃራ ጋር ለአንድ የአውቶቡስ ማኅበር የትኬት ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። ታዲያ በጳጉሜን፣ ለእንቁጣጣሽ አገሩ የሚገባው ሕዝብ መናኸሪያውን ባጥለቀለቀበት ቀን፣ ትኬቱ የወንበር ቁጥር መጻፍ ተወ። ሰዉ በየአውቶቡሱ ወንበር ይናጠቅ ጀመር። የማኅበሩ ሊቀመንበር መጡና፣ "መኪናው ሳይወጣ ካልተስተካከለ ማሽናችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ እኛ ወደ ካርኒያችን እንመለሳለን" አሉ። ይማም ደነገጠ። የለፋበት ሁሉ ገደል ሊገባ ነው።

ዘሃራ ስህተቱን ወዲያው አገኘችው። ፕሮግራሙ የየራሳቸው ሥራ ያላቸው፣ አንዱ በሌላው ላይ የቆሙ የብዙ የኮድ ጥቅሎች ስብስብ ነው፤ የታመመው ግን ትኬት የሚያትመው ጥቅል ብቻ ነበር።

"እሱን ብቻ አርመን እንደገና እንገንባው። የቆመባቸውን አንንካ" አለች።

ይማም ደሙ ሞቋል። "ካነሳነው አይቀር ሥሩ ያሉትንም እናድሳቸው እንጂ። ለሁሉም አዲስ ቅጂ ወጥቶላቸዋል እኮ።"

"የሚሠራው ነገር ምን አደረገህ?"

"አንቺ ደግሞ ፈሪ ነሽ" አለና ሁሉንም አደሰው።

እውነትም የወንበር ቁጥሩ ተመለሰ። ይማም ደስ ብሎት ሳያበቃ ማሽኑ ትኬት አልቆርጥም አለ። "እንዲህ ያለ ወር የለም" ይላል። ለካ አብሮ የታደሰው የቀን መቁጠሪያ ጥቅል ዓመቱን በዐሥራ ሁለት ወር የሚዘጋ ኖሯል። አሮጌው ጳጉሜንን ያውቃት ነበር፤ አዲሱ ስሟንም አልሰማ።

"ጳጉሜን ከሌለች እኛ ዛሬ የቆምነው የትኛው ቀን ላይ ነው?" አለች ከሰልፉ አንዲት ሴት። ሰልፉ በሳቅ አውካካ። ይማም ግን አልሳቀም፤ ውጭ ሾፌሩ ጋሽ አበጋዝ ሞተር አስነሥተው ጥሩምባ ይነፋሉ።

"ዘሃራዬ፣ በአላህ ድረሽልኝ" አለ።

እሷም ነገር አላበዛችም። አሮጌዎቹን ጥቅሎች ወደየቦታቸው መልሳ፣ በነሱው ላይ አታሚውን ብቻ ዳግም ገነባችው። ይማም ማሽኑ ላይ አፈጠጠ። ማሽኑ አጉረመረመና ትኬት ተፋ፤ ቀኑ ጳጉሜን፣ የወንበሩም ቁጥር ቁልጭ ብሎ። ይማም ደስታው አላስቀምጥ ብሎት ትኬቱን እየነጠቀ በየእጁ ያድል ጀመር፤ ሴቲቱም እልል አለች።

ጋሽ አበጋዝ ሰው ሲዘገይባቸው ወርደው መጡ። "ምን ሆናችሁ ነው እንዲህ ያስጠበቃችሁን?" ቢሉ ዘሃራ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻቸው። ሽማግሌው እየሳቁ ይማምን ትከሻውን ያዝ አደረጉትና፣ "ልጄ፣ ጎማ ቢተነፍስ ሞተር አይወርድም" አሉት።