ባለጭረቷ አይጥ እና የእማማ አየለች ኦቾሎኒ

ጆሮ ስጡኝማ! ቴፒ አጠገብ፣ ጫካው ዳር፣ አስካለች የምትባል የላብራቶሪ ባለሙያ ነበረች። የናፈቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጅማ እህቷ ዘንድ የተወቻትን የስድስት ዓመት ልጇን ናርዶስን ማቀፍ። ከተለያዩ አምስት ወር ሆኗቸዋል።

«ዶክተር፣ ፈቃድ ይስጡኝ» አለች አለቃዋን።

«ከምንመረምራቸው የጫካ እንስሳት የቀረችን ባለጭረቷ አይጥ ብቻ ናት። ሄርፒስ ቫይረስ ይኑርባት አይኑርባት እንወቅና ትሄጃለሽ» አሉ ዶክተር ገዛኸኝ።

መመርመሪያ ማሽኑ ያለ አይጧ ምራቅ መልስ አይሰጥም፤ ዶክተሩ ያለ መልስ ፈቃድ አይሰጡም፤ አስካለች ያለ ፈቃድ ልጇን አታቅፍም።

ጫካ ወረደች። ወጥመዱ ባዶ ነው፤ ለማጥመጃ ያመጡት ኦቾሎኒ አልቋል። አይጧ ያለ ኦቾሎኒ ወጥመድ አትገባም፤ ማሽኑ ያለ ምራቅ መልስ አይሰጥም፤ ዶክተሩ ያለ መልስ ፈቃድ አይሰጡም፤ አስካለች ያለ ፈቃድ ልጇን አታቅፍም።

ኦቾሎኒ ያላቸው ጎረቤቷ እማማ አየለች ብቻ ናቸው።

«ለልጄ ለታምሩ ያስቀመጥኩት ነው» አሉ። «አሶሳ ወርቅ ፍለጋ ከሄደ ዓመት አለፈው። ድምፁን አሰሚኝና ውሰጂ።»

ስልክ የሚሠራው ደግሞ እማማ ሊወጡት የማይችሉት ኮረብታ ላይ ነው። አስካለች ወጥታ ለታምሩ ደወለችና እናቱን እንዲያናግር ለመነችው።

«ባዶ እጄን ቀርቼ ምን ብዬ ላናግራት?» አለ ታምሩ።

ታምሩ አፍሮ አይናገርም፤ እማማ ድምፁን ሳይሰሙ ኦቾሎኒ አይሰጡም፤ አይጧ ያለ ኦቾሎኒ ወጥመድ አትገባም፤ ማሽኑ ያለ ምራቅ መልስ አይሰጥም፤ ዶክተሩ ያለ መልስ ፈቃድ አይሰጡም፤ አስካለች ያለ ፈቃድ ልጇን አታቅፍም።

አስካለች ግን ስልኩን አልዘጋችም። «ወንድሜ፣ ልጄ ቀድሞ ስደውልላት ‹መቼ ትመጪያለሽ?› ትለኝ ነበር። አሁን መጠየቁን ትታዋለች። እናትህ ግን ዛሬም ይጠይቃሉ።»

«በይ ድምፄን ቅጂኝ» አላት ታምሩ። «እማዬ፣ አለሁ። ደህና ነኝ።»

ታምሩ ተናገረ፤ እማማ ድምፁን ሦስቴ ሰምተው፣ ስልኩን ስመው ኦቾሎኒውን ሰጡ፤ አይጧ ወጥመድ ገባች፤ አስካለች ጓንት አጥልቃ ምራቋን በጥጥ ወሰደችና መልሳ ለቀቀቻት፤ ማሽኑ ቫይረሱ እንዳለባት አሳየ፤ ዶክተሩ ፈቃዱን ፈረሙ፤ አስካለች አውቶቡስ ተሳፈረች።

ጅማ ስትደርስ ናርዶስ ከአክስቷ ቀሚስ ኋላ ተሸሽጋ አየቻት። አስካለች አልጎተተቻትም፤ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብላ ጠበቀች። ልጅቱ ቀስ እያለች መጥታ አፏን ከፈተች።

«ጥርሴ ወለቀ። አንቺ አልነበርሽም።»

አስካለች አቀፈቻት። «እንዴት ወለቀ? ንገሪኝ።»

ናርዶስም እናቷ ጭን ላይ ተመቻችታ ከመጀመሪያው ጀምራ ትነግራት ጀመር።