የዶክተር ዘውገ የኤቲኤም ጥያቄ

«ተሳሳትክ!» ብለው የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ዶክተር ዘውገ በደስታ አጨበጨቡ።

መኪናቸውን በሩ ላይ ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ማቆም ካማራቸው ቆይቷል፤ ቦታውን ግን አንድ ሊስትሮ ይዞታል። ዝም ብለው ቢያባርሩት ሠራተኛው ያማቸዋል። ስለዚህ በሰው ፊት «ኤቲኤም ምን እንደሆነ ከመለስክ ትቀመጣለህ፤ ካልመለስክ ትነሳለህ» አሉት። «ብር ማውጫ ማሽን ነዋ!» ሲላቸው ነው ያጨበጨቡት።

«በሳይንስ የአየር ግፊት መለኪያ ነው!»

«ይሁን፣ የአየር ግፊት መለኪያ።»

«ተሳሳትክ! በኮምፒውተር ደግሞ የመረጃ ማስተላለፊያ ዘዴ ነው። በል ሳጥንህን አንሳ!»

ሊስትሮው ሳጥኑን ብድግ አደረገ። «እነሳለሁ ጌታዬ። ግን ደንበኞቼ ‹ማን አስነሳህ?› ሲሉኝ ማን ልበል?»

«ዶክተር ዘውገ በላ!»

«ተሳሳቱ! የንስሐ አባትዎ እንዲህ የሚባል ሰው አያውቁም።»

ሠራተኛው ሲስቅ ዶክተሩ ተናደዱና ሳያስቡት የክርስትና ስማቸውን አወጡት፤ «እሺ፣ ወልደ ሰንበት!»

ሊስትሮው ሳጥኑን መልሶ አስቀመጠና ተደላድሎ ተቀመጠ።

«አሁንም ተሳሳቱ! ትናንት እናትዎ ዳቦ ይዘው መጥተው ‹ማሙዬ ገብቷል ወይ?› ብለው ነው የጠየቁኝ። መጀመሪያ ሦስታችሁ ተስማሙ፤ ከዚያ እነሳለሁ።»