የኬብሉ ዘበኛ

አቶ ደምመላሽ የወፍጮ ቤት ባለቤት ናቸው፤ እሳቸው የማያውቁት ነገር ገና አልተፈጠረም። ወፍጯቸው የነካውን ሁሉ እየነዘረ ገበያተኛ ቢያሸሽባቸው፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የሰላ አንዲት የኤሌክትሪክ ባለሙያ አስጠሩ። እሷም ለወፍጮው ኤሌክትሪክ የሚያመጣውን ኬብል ዙሪያውን የሸፈነውን የብረት ሽቦ በአንድ ጫፉ ከወፍጮው ብረት፣ በሌላው ከመሬት መስመር ጋር ጥርቅም አድርጋ አሰረችው፤ ሾልኮ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ሰው ላይ ከማረፍ በዚያ በኩል መሬት ይግባ ብላ።

አቶ ደምመላሽ በዝናብ መሐል መጡና በአስፈጪው ሁሉ ፊት ጮኹባት።

"ይሄ ብረት ኬብሉን ከአካፋና ከአይጥ ሊጠብቅ የተገዛ ዘበኛ ነው! ዘበኛን ከጥበቃ ሌላ ሥራ የሚያሠራ ማን አየሽ? እስቲ እንዲህ ያለ አንድ ዘበኛ አምጪልኝ! ካጣሽ ፈትተሽው ውጪ!"

ሴትዮዋ ቀና አለች። ከጌትየው ኋላ የግቢው ዘበኛ ቆሟል፤ በአንድ እጁ ጃንጥላ ዘርግቶላቸዋል፣ በሌላው ቦርሳቸውን አንጠልጥሏል፣ ትከሻው ላይ የመኪናቸው መወልወያ ጨርቅ ጣል ብሏል።

"ማምጣቱስ አያቅተኝም ጌታዬ፤" አለች፣ "ግን 'ና' ብዬው ከመጣ ዝናቡ እርስዎን ይመታዎታል።"

ዘበኛው በሳቅ ሲንፈቀፈቅ ጃንጥላው ዘመመና፣ ዘበኛው ገና ሳይጠራ ጌትየው በሰበሱ። ብረቱም እንደታሰረ ቀረ።