ለትንሽ ብድር ረጅም ንግግር

የብድር ቢሮ ጸሐፊ ሳለሁ፣ ኃላፊው ከቀትር በፊት እንደማይመጡ እያወቅሁ ተበዳሪዎቹን በማለዳ የጠራኋቸው እኔ ነኝ። ከእነሱ መካከል አንዲት ጎመን ሻጭ ነበረች። ብድሩን ካገኘች ጉልቱን ትታ መደብ ልትከራይ አስባ፣ የዕለቱን ጎመን እንደታቀፈች ፀሐይ ላይ ቆመች።

ኃላፊው መጡ፣ ስለ ራሳቸው ደግነት ብዙ ተናገሩ፣ ብሩንም አስጨበጧት። ወዲያው ካሜራ አስጠርተው፣ «በይ እስቲ፣ ብድራችን ሕይወትሽን እንዴት እንደለወጠው ተናገሪ። ያላመሰገነ ዳግመኛ አይበደርም» አሏት።

እሷም የታቀፈችውን እስር ከፍ አድርጋ ለካሜራው አሳየች።

«ጌታዬ፣ ብሩን ገና አሁን መቀበሌ ነው። እስካሁን ብድርዎ የለወጠው ይህን ጎመን ነው፤ ጠዋት ለምለም ነበር።»

ኃላፊው ሳይወዱ ሳቁ፤ ጎመኑንም ገዙ። ያጠወለግሁት ግን እኔ ነኝና ይቅር በሉኝ።