ተንበርክካ ያደረችው የሙሽራ መኪና

ተረት ልጀምር ነውና "የላም በረት" በሉኝ። የዚህ ተረት በረት ግን ደብረ ብርሃን ያለው የወንድይፍራው ግቢ ነው፤ በረቱ ውስጥ የተኛችውም ላም ሳትሆን መኪና ናት።

ወንድይፍራው የሟች ወንድሙን ልጅ ትርሲትን በአደራ ተቀብሎ አሳደገ። "የሠርግሽ ዕለት በኪራይ መኪና አትወጪም፤ ራሴ ነድቼ ነው የማወጣሽ" ብሎ ቃል ገባላት። ለዚህ ቃል ሲል ያገለገለች ቅንጡ መኪና ገዛ፤ ቁመቷ ከፍ ያለ፣ ወንበሯ ቆዳ፣ በስፕሪንግ ፈንታ በአየር የምትቆም። ያያት ሁሉ "ስታምር!" ይላል። ሚስቱ እትዬ አስካለ ግን "የሰው ከብት ሳር ይበላል፤ የኛዋ በሬ ነው የምትበላው" ትላለች። እውነቷን ነው። ዘይት ማፍሰሷ አንድ በግ በላ፣ የውሃ ፓምፗ አንድ ጊደር በላ፣ የአየር መንፊያዋ ደግሞ አንድ በሬ ከነቀንዱ ዋጠ።

የሠርጉ ዋዜማ ጭፈራው ደራ። ወንድይፍራው ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ሞተሩን አጠፋና በመኪናዋ ስፒከር ሰፈሩን ሲያስጨፍር አመሸ። ከባትሪዋ የተረፈውን የደብረ ብርሃን ብርድ ጨረሰው። ጠዋት ሲወጣ መኪናዋ አየሯን ተንፍሳ፣ አፍንጫዋን የግቢው በር ላይ ደግፋ፣ እንደ ግመል ተንበርክካ ጠበቀችው። ሪባኗ መሬት ይጠርጋል።

"ተነሽ እንጂ አንቺ!" ጮኸባት። ወደ ቤት ሮጠ። "ትርሲትዬ፣ በሌላ መኪና ብትሄጂስ?"

"ያለ እሷ ንቅንቅ አልልም ጋሼ። ቃልህ ነው።"

ትርሲት ያለ መኪናዋ አልሄድም አለች፤ መኪናዋ ያለ አየር አልነሳም አለች።

ወንድይፍራው ጫማውን እንኳ ሳያስር መካኒኩን ባሕሩን ከአልጋው ጎትቶ አመጣው። "መንፊያው ደህና ነው ጋሼ፤ ግን ኮምፒውተሩ ካላዘዘው አይነፋም" አለ ባሕሩ።

"እሱንስ እዘዝ በለዋ!"

"ባትሪው ሞቶ በምን ጆሮው ይስማኝ?"

ትርሲት ያለ መኪናዋ አልሄድም አለች፤ መኪናዋ ያለ አየር አልነሳም አለች፤ መንፊያው ያለ ኮምፒውተሩ አልነፋም አለ፤ ኮምፒውተሩ ያለ ባትሪው አላዝም አለ።

"ከሌላ መኪና ባትሪ በገመድ እናስነሳዋ!" አለ ባሕሩ። ጎረቤቱ አቶ ሽብሩ ፒክአፑን ከበሩ ውጭ አምጥቶ አቆመ። የዚች ቅምጥል ባትሪ ግን እንደ ወጉ ከፊት ሳይሆን ከኋላ፣ ከዕቃ መጫኛው ሥር ነው። ገመዱ ደግሞ አጭር። ፒክአፑ ግቢ ካልገባ አይደርስም።

"በሩን ክፈቱት!" አለ ወንድይፍራው።

"በምን ይከፈት?" አለች እትዬ አስካለ። "ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው፤ ከጀርባው ደግሞ ያቺ ጉድህ ተጋድማለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!"

ሊገፏት ሞከሩ። የእጅ ፍሬኗም በባትሪ የሚታዘዝ ነውና ጨምድዶ ይዟታል። ክሪክ ሊያስገቡ ሞከሩ፤ ሆዷ መሬት ነክቷል።

ትርሲት ያለ መኪናዋ አልሄድም አለች፤ መኪናዋ ያለ አየር አልነሳም አለች፤ መንፊያው ያለ ኮምፒውተሩ አልነፋም አለ፤ ኮምፒውተሩ ያለ ባትሪው አላዝም አለ፤ ባትሪው ያለ ፒክአፑ አልነቃም አለ፤ ፒክአፑ ያለ በሩ አልገባም አለ፤ በሩ ደግሞ መኪናዋ ካልተነሳች አልከፈትም አለ።

ወንድይፍራው ከበሩ ወደ ቤቱ፣ ከቤቱ ወደ በሩ ተመላለሰ። ሰዓቱን አየ፣ ደግሞ አየ። "አደራ በላ ልባል ነው" አለ ለራሱ። በዚህ መሀል ጥሩምባው ተሰማ። ሙሽራውና ሚዜዎቹ ደረሱ።

በወጉ መሠረት የሴቷ ወገን በር ይዞ ሚዜ ያስለምናል። የትርሲት ጓደኞች ከትልቁ በር አጠገብ ያለችውን ትንሿን የእግር በር ዘግተው እያጨበጨቡ ቆሙ። አንደኛው ሚዜ ዘወር ብሎ ብር ከኪሱ ሲያወጣ እትዬ አስካለ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

"ብርህን እዚያው! ዛሬ የምናስገባው መኪና የሚያነሳ ብቻ ነው!"

"እንዴ እማማ፣ ሱፋችንስ?"

"ሱፉን አውልቁታ! ሙሽራ እንዲሁ የሚገኝ መሰላችሁ?"

ልጃገረዶቹ እልል አሉ። ሚዜዎቹ ተያዩ፤ ኮታቸውን አጥሩ ላይ ሰቀሉ። ሙሽራውም የራሱን ሰቀለ። በትንሿ በር እየተሹለከለኩ ገቡና መኪናዋን ከአፍንጫዋ በኩል ከበቧት። "ሆ!" ብለው አፍንጫዋን ከመሬት አንስተው ወደ ጎን አዞሯት፤ ስንዝር ሄደች። "ሆ!" አሉ፣ ሌላ ስንዝር።

ሚዜዎቹ መኪናዋን አነሱ፤ መኪናዋ ለበሩ ለቀቀች፤ በሩ ለፒክአፑ ተከፈተ፤ ፒክአፑ ባትሪውን አነቃ፤ ባትሪው ኮምፒውተሩን ቀሰቀሰ፤ ኮምፒውተሩ መንፊያውን አዘዘ፤ መንፊያው ነፋ፤ መኪናዋም መጀመሪያ በፊቷ፣ ቀጥላ በኋላዋ ብድግ አለች። ትርሲት በእልልታ ወጥታ ከሙሽራው ጋር ከኋላ ተቀመጠች።

ወንድይፍራው መሪውን ጨበጠ። ሞተሩ ተነስቷል፣ በሩ ወለል ብሏል፣ ሰዉ ያጨበጭባል። አሁን ደግሞ እግሩ ነዳጁን አልረግጥም አለ። ጠዋቱን ሙሉ ተነሽ፣ ተነሽ ሲላት፣ ስትነሳ ልጅቷን ይዛበት እንደምትወጣ አላሰበውም ነበር።

"ባሕሩ፣ እስቲ ጎማውን እየው" አለ በመስኮት።

"ደህና ነው ጋሼ።"

"ዘይቱንስ?"

"ዘይቱም ደህና ነው።"

ትርሲት ገባት። ከኋላ እጇን ዘርግታ ትከሻውን ያዘች። "ጋሼ፣ ነገ ለመልስ ስመጣ የምታመጣኝ አንተ ነህ። በሌላ ሰው መኪና አልመጣም።"

"ነገ አልነሳም ብትለኝስ?"

"እስክትነሳ እጠብቅሃለኋ።"

ወንድይፍራው ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። እግሩም እሺ አለ፤ መኪናዋም ቀስ ብላ፣ በጣም ቀስ ብላ፣ ከበሩ ወጣች።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦውን ለሚዜዎቹ አድርሱ።