የረግረጉ አዲስ ደንብ

አንድ ባለሥልጣን ቄጠማ የሚበቅልበትን ረግረግ ከገበሬው እጅ ሊያድን አዲስ ጫማውን ተጫምቶ መጣ። የአካባቢው ሴቶች ለበዓል ቄጠማ ሲያጭዱ ከውሃው በላይ ያለውን ብቻ ቆርጠው ሥሩን ይተዋሉ፤ ረግረጉም ከቅድመ አያቶቻቸው ጀምሮ ሳይደርቅ የኖረው በዚህ ልማድ ነው። ባለሥልጣኑ ግን ይህን የሰማው ገና ያን ዕለት ጠዋት ስለሆነ "ኋላ ቀርነት ነው" አለ።

"ከዛሬ ጀምሮ ይህ ቦታ ጥብቅ ሥፍራ ነው። ከውስጡ ምንም ነገር ያወጣ ሰው ይታሰራል!"

ማጭድ የያዘች አንዲት ሴት "ምንም ነገር፣ ጌታዬ?" ብላ ጠየቀችው።

"ምንም አልኩ እኮ!"

ከዚያም የክልከላውን ሰሌዳ ረግረጉ መሀል ላይ በገዛ እጁ ሊተክል ተነሣ። ሴትዮዋ "በዚያ በኩል አይረገጥም" ብትለው፣ "አንቺ ነሽ ስለ ረግረግ የምታስተምሪኝ?" ብሎ ገባ። አሥር እርምጃ ሳይሄድ ጭቃው እስከ ወገቡ ዋጠው።

"ምን ትገተራላችሁ? አውጡኝ እንጂ!"

"ውይ ጌታዬ፣ ምን አቅም አለን?" አለች ሴትዮዋ። "አሁን እርስዎም የረግረጉ ሀብት ነዎት። ብናወጣዎት እንታሰራለን።"

"ደንቡ ቀርቷል! እንደ ድሮ ልማዳችሁ አድርጉ!"

"እንደ ልማዳችን ከሆነማ ቀላል ነው" አለችና የማጭዷን ስለት በአውራ ጣቷ ሞከር አደረገች። "ከውሃው በላይ ያለውን ቆርጠን እንወስዳለን፤ የቀረውን ለረግረጉ እንተዋለን።"